ድሬ ሸህ ሁሴን፦ የባሌ ነጫጭ ጉልላቶች

ድሬ ሸህ ሁሴን በባሌ ቆላ፣ ከዋቢ ሸበሌ ወንዝ በስተደቡብ የሚገኝ ጥንታዊ የሱፊዎች መንደር ነው። የድሮ ስሙ አናጂና ይባል ነበር። መስጊዱም፣ መቃብሮቹም፣ የእንግዳ ማረፊያዎቹም የተሰባሰቡት ተከታዮቻቸው «ኑር ሁሴን» በሚሏቸው በሸህ ሁሴን ስም ዙሪያ ነው። አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘመናቸውን ወደ 12ኛውና 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደርሱታል፤ የዘር ሐረጋቸው ከሶማሊያ ጠረፍ፣ ከመርካ እንደሚመዘዝም ይነገራል። ገድላቸውን የያዘው «ረቢዕ አል-ቁሉብ» የተሰኘ የዐረብኛ መጽሐፍ በ1927 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ታትሟል።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነትና የሕዝብ ፍልሰት የባሌን ሱልጣኔት ሲያፈርሱ፣ የሸህ ሁሴን ደጅ ግን ባዶ አልቀረም። አካባቢውን የያዘው የአርሲ ኦሮሞ ገና በብዛት ሳይሰልም መቃብሩን ያከብር ነበር። ወደ አባ ሙዳ፣ ወደ ኦሮሞው የጥንት ሃይማኖት አባት፣ ይደረግ የነበረው ጉዞና የድሬው ዚያራ፣ ማለትም የመቃብሩ ጉብኝት፣ በብዙ ነገር የሚመሳሰሉትም ያለ ነገር አይደለም።

የትልቁ ቁባ፣ ማለትም ጉልላት ያለው የመቃብር ቤት፣ ግንባታ ከ1783 እስከ 1794 እ.ኤ.አ. ሐረርን ለገዙት ለአሚር አብዱሸኩር ይሰጣል። የሐረርን የአውሊያ መቃብሮች የሚያውቅ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ይለየዋል፤ ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ በላዩ ክብ ጉልላት፣ ከሥር እስከ ጫፍ ነጭ ኖራ። መቃብሮቹ በግንብ አጥር ተከበው በግቢ በግቢ የተከፋፈሉ ናቸው፤ ዘያሪው ጫማውን አውልቆ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ይዘልቃል። ዙቅቱም የተባለው መስጊድ ግን ከቁባው እንደሚቀድም ይታመናል፤ ያቆሙትም ሸህ ሁሴን ራሳቸው ናቸው ይባላል። ቆላው ውሃ አጠር ስለሆነ በእጅ የተቆፈሩት ኩሬዎች ከሕንፃዎቹ ያላነሰ ዋጋ አላቸው። ያን ሁሉ እንግዳ ያለ እነሱ ማስተናገድ ባልተቻለ ነበር።

አሜሪካዊው ሐኪምና ተጓዥ ዶናልድሰን ስሚዝ በ1894 እ.ኤ.አ. እዚህ ደርሷል። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ድሬ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ዕጩዎች መዝገብ ገባ።

ዚያራው የሚደምቀው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው ከአረፋ በዓል ጋር ይገጥማል። መንገደኛው ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ «ኡሌ» የሚባል በትር ይይዛል፤ ሌሊቱን «ባህሮ» የተሰኘው የውዳሴ ዜማ ይወርዳል፣ ሕዝቡም ይቀበላል። ከሙስሊሙ ጋር ክርስቲያኑም ስለት ይዞ ይመጣል።

የሸህ ሁሴን ስም ከባሌ ርቆ በወሎም፣ በስልጤና በጉራጌም ይጠራል። የቡታጅራና የወልቂጤ አካባቢ ሰዎች ግን ለዚያራ ባሌ ድረስ መሄድ የግድ አይሆንባቸውም፤ ቃዲሪያ የተባለውን የሱፊ መንገድ የሚከተሉት የአብረትና የቃጥባሬ የዚያራ ስፍራዎች ቅርባቸው ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ከድሬ ጋር ሲነጻጸሩ በዕድሜ ብዙ ያንሳሉ።