ሰባ ቀን በተማሪ ፊት

ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ፊዚክስ ማስተማር አይችልም። ኒው ዮርክ ግዛት ይህን በሕግ አስፍሮታል፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ለማስተማር የመምህርነት ፈቃድ ያስፈልጋል። በሒሳብ፣ በታሪክ ወይም በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው፣ ስለ ማስተማር ግን አንድም ኮርስ ያልወሰደ ሰው፣ ማስተርሱንና የመነሻ ፈቃዱን አብሮ የሚያስገኝለት ፕሮግራም አለ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች «ኤምኤቲ» ይባላል።

ዲግሪው እ.ኤ.አ. በ1936 ሃርቫርድ ላይ ተጀመረ። ያቋቋሙት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጄምስ ብራያንት ኮናንት ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ኬሚስት ነበሩ። ትምህርቱን የሚያውቁትና የማስተማር ዘዴውን የሚያውቁት ፋኩልቲዎች አንድን መምህር አብረው እንዲያበቁ ፈለጉ። ፕሮግራሙ እስከ ዛሬ በዚሁ መሠረት ላይ ቆሟል።

መግቢያው ላይ በመጀመሪያ የሚታየው ስቱደንት ኮፒ ነው። አመልካቹ በሚያስተምረው ትምህርት 30 ክሬዲት ያህል ሊኖረው ይገባል። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር የተመረቀ ሰው ዲግሪው በአሜሪካ መለኪያ ኮርስ በኮርስ መመዘን አለበት። ማመልከቻ ከመሙላት በፊት ይህን መጨረስ ብዙ ድካም ያድናል። የጎደለ ኮርስ ካለ ሌላ ኮሌጅ ወስዶ መሙላት ይቻላል።

ከኮርሶቹ ሁሉ ብዙዎችን ግር የሚያሰኘው የቋንቋና የንባብ ትምህርት ነው፤ 6 ክሬዲት ይወስዳል። የኬሚስትሪ መምህር ንባብ ማስተማርን ለምን ይማራል? እኛ መልሱን በልጅነታችን አይተነዋል። በአማርኛ ሲማር የቆየ ተማሪ ድንገት ሳይንሱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሲሆንበት፣ ስሌቱን እየቻለው ጥያቄው አልገባህ ብሎት ዝም ይላል። መምህሩም ሰነፍ ነው ብሎ ያልፈዋል። ኒው ዮርክ ክፍል ውስጥ ከዶሚኒካን፣ ከባንግላዴሽ ወይም ከየመን በቅርብ የመጣ ልጅ እንዲሁ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያ ዝምታ ከምን እንደመጣ ለመለየት ከዚያ መንገድ ያለፈ ኢትዮጵያዊ የሚቀርበው ያለ አይመስለኝም።

ፈተናዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በሚያስተምሩት ትምህርት፣ ሌላው ልዩ ልዩ ተማሪዎችን በማስተማር ላይ ያተኩራል። የጣት አሻራና አጫጭር ሥልጠናዎችም አሉ። ከ2014 ጀምሮ ዕጩ መምህራንን በቪዲዮ ቀረጻና በረዥም ጽሑፍ ሲያስጨንቅ የነበረው «ኢዲቲፒኤ» የተባለው ምዘና በ2022 ቀርቷል።

ዋናው ነገር ያለው ግን የተግባር ልምምዱ ላይ ነው። መጀመሪያ 100 ሰዓት ክፍል እየገቡ ማየት፣ ቀጥሎ 70 ሙሉ የትምህርት ቀን ማስተማር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዕጩው ከኋላ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዛል። ከዚያ የክፍሉ መምህር የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ይለቅለታል፤ ቆይቶ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ በመጨረሻም ሙሉ ቀኑን። ሌሊት የተዘጋጀው ዕቅድ ጠዋት በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ወይም አንድ ልጅ «ሚስተር፣ ይህ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ያስቆመዋል። ሲወጣ መምህሩ አጠገቡ ተቀምጦ የት ላይ ክፍሉ እንዳመለጠው ያሳየዋል።

እነዚህ ቀናት አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የላቸውም። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው አንድ መንፈቅ ያለ ገቢ እንዲኖር መጠየቁ ከባድ ነው፤ ጥሩ መምህር መሆን የሚችሉ ብዙዎችም እዚህ ላይ ይቀራሉ። «ቲች» የተባለው የፌዴራል ድጎማ ለማስተርስ ተማሪ በጠቅላላው እስከ 8,000 ዶላር ይሰጣል። ተቀባዩ ግን በስምንት ዓመት ውስጥ አራቱን ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ልጆች ትምህርት ቤት፣ መምህር በሚያንስበት የትምህርት ዓይነት ማስተማር አለበት። ካልሆነ ድጎማው ከነወለዱ ዕዳ ይሆናል።

በ2000 እንደተጀመረው የኒው ዮርክ ሲቲ ቲቺንግ ፌሎውስ፣ ከአንድ ክረምት ሥልጠና በኋላ በደመወዝ እያስተማሩ ማስተርሱን የሚጨርሱበት መንገድም አለ። የመነሻ ፈቃዱ ለአምስት ዓመት ያገለግላል፤ ወደ ሙያ ፈቃድ ለመሸጋገር የሦስት ዓመት የማስተማር ልምድና ማስተርስ ይጠየቃል። ማስተርሱን ከፈቃዱ ጋር የያዘ ሰው ልምዱ ብቻ ይቀረዋል። አቅሙ ላለው እኔ የምመክረው ሰባውን ቀን ነው፤ ክፍሉ የራሱ ከመሆኑ በፊት፣ ሲሳሳት የሚያየውና የሚያርመው ሰው ከኋላ ወንበር ላይ አለለት።