ያልመጡትን መፈለግ፦ የጤና አገልግሎት የማይደርሳቸው ወገኖች እንዴት ይታወቃሉ?

ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መከሰቱ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኅብረተሰቡ እጁን በሳሙናና በውኃ እንዲታጠብ፣ አካላዊ ርቀቱን እንዲጠብቅ፣ የበሽታው ምልክት ሲታይበትም በነፃ የስልክ መስመር 8335 እንዲደውል ሲመከር ቆይቷል። ይሁን እንጂ ውኃ በቅርብ የማያገኝ፣ በአንዲት ክፍል ከብዙ ቤተሰብ ጋር የሚኖር ወይም መስማት የተሳነው ሰው ምክሩን ቢቀበልም ለመፈጸም ይቸገራል።

የጤና ተቋም መዝገብ የሚያሳየው የመጡትን ብቻ ነው። በአንድ ወረዳ የተመዘገቡት ሕሙማን ጥቂት ሲሆኑ በሽታው አልተስፋፋም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሕሙማኑ ወደ ተቋሙ አልደረሱም ማለትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ጥናቱ ከመዝገብ አልፎ ወደ መኖሪያ መንደሮች መሄድ ይኖርበታል።

ጥናቱ የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ያነሣል፦

1. አገልግሎቱ አለ ወይ? ባለሙያ፣ መድኃኒትና ቁሳቁስ ተሟልቷል?
2. ይደረስበታል ወይ? ርቀቱ፣ የመጓጓዣ ወጪውና የሥራ ሰዓቱ ያመቻል? ለቀን ሠራተኛ ተራ ሲጠብቅ መዋል የዕለት እንጀራን ማጣት ነው።
3. ተቀባይነት አለው ወይ? በሚገባቸው ቋንቋ፣ ክብራቸውን ጠብቆ ይሰጣል?
4. ሰዎች በእርግጥ ይጠቀሙበታል ወይ?
5. የተጀመረው ሕክምና ተሟልቶ ውጤት ያስገኛል ወይ?

በየደረጃው የሚቀሩ ሰዎች አሉ። መፍትሔውም እንደቀሩበት ደረጃ ይለያያል። እንቅፋቱ ርቀት ከሆነ ተንቀሳቃሽ የሕክምና ቡድን ይረዳል፤ እንቅፋቱ ቋንቋ ወይም መገለል ከሆነ ግን ተጨማሪ ጤና ኬላ መገንባት ብቻውን ችግሩን አይፈታውም።

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለሚዘዋወሩ ለዚህ ሥራ ከፍተኛ ድጋፍ ይሰጣሉ። ሆኖም በቤት ቁጥር የተዘጋጀ ዝርዝር ጎዳና ላይ የሚኖሩትን፣ ተፈናቃዮችን፣ ከብቶቻቸውን ተከትለው የሚንቀሳቀሱ አርብቶ አደሮችንና በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩትን ሊዘልላቸው ይችላል። እነዚህን ወገኖች ለማግኘት ወደሚያድሩበት፣ ውኃ ወደሚቀዱበትና ወደሚሠሩበት ስፍራ መሄድ ያስፈልጋል።

መረጃ ሲሰበሰብ የተጠያቂው ፈቃድ ሊጠየቅ፣ ምስጢሩም ሊጠበቅ ይገባል። ስሙ ቢገለጥ ጎረቤት እንዳያገልለው የሚሰጋ ሰው ሕመሙን ይሰውራል፤ ሕመሙ በተሰወረ መጠንም ተላላፊው በሽታ ወደ ሌሎች ይዛመታል።

ኅብረተሰቡም የራሱ ድርሻ አለው። ዕድሮችና ጎረቤቶች ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና በመዝገብ ያልሰፈሩ ሰዎችን በፈቃዳቸው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማሳወቅ፣ ስልክ ለሌለውም መደወል ይችላሉ። በወረርሽኝ ጊዜ አንድ ሰው ሳይታከም ሲቀር አደጋው የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም።