ጭሱን በቧንቧ ስቦ ማስወጣት

 

የዛሬው ነገራችን ጭስ ነው። ቢቸናም ሞጣም ደጋ ናቸው። ሁለቱም ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። ብርድ አለ። በብርድ ጊዜ በር ይዘጋል፤ እሳቱም ውስጥ ይነዳል። ኩበቱ ይጨሳል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ ይብሳል። እንጀራ የምትጋግር እናት አክንባሎዋን ባነሣች ቁጥር ዓይኗን ታሻለች። ያዘለችው ልጅም ያንኑ ጭስ ይስባል።

ጉዳቱ ዓይን ከማስለቀስ ያልፋል። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው የሞተው በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ ነው ይላል። ከነዚህ መካከል ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ጭስ ሕፃኑን ለሳንባ ምች ያጋልጠዋል።

በውጭ አገር አንዳንድ ሰዎች በቤታቸው ግድግዳ ውስጥ ቧንቧ ይዘረጋሉ። በአንድ ጥግ የኤሌክትሪክ ሞተር ያኖራሉ። ሞተሩ የየክፍሉን አቧራ በቧንቧው ይስባል። እኛ ለጭሳችን ሞተር መግዛት የለብንም። እሳቱ ራሱ ሞተር ነው። ትኩስ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። በቧንቧ ውስጥ ሲወጣ ከኋላው ሌላ አየር ይስባል። ቧንቧው ሲረዝም ስበቱ ይበረታል። ቀዳዳ ካለው ግን ይደክማል። የተቀደደ ወናፍ እሳት ያነዳል እንዴ? አያነድም። ይኸም እንደዚያው ነው።

ሥራው ከምድጃው ይጀምራል። ሦስት ጉልቻ ላይ ቧንቧ ብትሰቅሉ ጭሱ በየጎኑ ይሸሻል። ምድጃው ዙሪያውን መታጠር አለበት። ከፊት የማገዶ መግቢያ፣ ከኋላ የጭስ መውጫ ይኑረው። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክታችሁ ጥቂት ቀን አሳድሩት፤ እንዲህ ሲሆን አይሰነጣጠቅም። ገንዘብ ያለው ምርጥ ምድጃ የሚባለውን ይግዛ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጣ፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ፣ ተገጣጣሚ የእንጀራ ምድጃ ነው። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርደዋል።

ቧንቧው ከላሜራ ይጠቀለል። ቆርቆሮ ሠሪ ይሠራላችኋል። ስፋቱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የውሃ ፕላስቲክ ቧንቧ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ! ይቀልጣል፤ ጭሱም መርዝ ነው። የላሜራው ቁርጥራጭ በሚገናኝበት ቦታ በጭቃ ምረጉት። በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ ይውጣ። መታጠፍ ካለበትም አንድ ጊዜ፣ ያውም በዝግታ ይታጠፍ።

አሁን ወደ ጣሪያው እንምጣ። አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጋለ ቧንቧ እንጨት ካገኘ ያቃጥላል። ከማገሩና ከወራጁ ግማሽ ሜትር ያህል ይራቅ። ቆርቆሮው ከተበሳ በኋላ ዙሪያውን የላሜራ ቀሚስ አልብሱት። የቀሚሱ የላይኛው ጠርዝ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ይግባ፤ የታችኛው ጠርዝ ከታችኛው ቆርቆሮ በላይ ይረፍ። ይህ ከተገለበጠ የሐምሌ ዝናብ ምድጃው ላይ ይወርዳል። የቧንቧው ጫፍ ከጣሪያው አናት ከግማሽ ሜትር በላይ ይብለጥ። አጭር ከሆነ ንፋስ ጭሱን መልሶ ይሰደዋል። በጫፉ ላይ በሦስት እግር የቆመ የቆርቆሮ ባርኔጣ አድርጉለት።

ቤታችሁ የሣር ክዳን ከሆነስ? እኔ በሣር ውስጥ ቧንቧ አሳልፉ አልልም። አንድ ፍንጣሪ ቤቱን ይጨርሰዋል። ማጀቱን ለብቻ በቆርቆሮ መክደን ይሻላል። ይህ እስኪሆን ድረስ ማገዶውን አድርቁ፤ በሩን ክፈቱ፤ ሕፃኑን ለሌላ ሰው ስጡ።

ሽማግሌዎች «ጭሱማ ለቤቱ መድኃኒቱ ነው፤ ምስጥና ነቀዝ ያባርራል» ይላሉ። ውሸት አይደለም። ጭስ የጠገበ እንጨት ይከርማል፤ ጭስ ላይ የተሰቀለ የዘር በቆሎም ነቀዝ አይደፍረውም። ግን ዘሩን አድርቆ በሌላ መንገድ መጠበቅ ይቻላል። የልጅ ሳንባ ሲጎዳ ግን ምትክ የለውም።

ሥራው ሲያልቅ ፈትኑት። ትንሽ ጭድ ለኩሳችሁ በማገዶው መግቢያ ያዙት። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ቧንቧው ይስባል። ጠዋት ጠዋት ቧንቧው ቀዝቃዛ ስለሆነ ጭሱ ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜ በቧንቧው ሥር አንድ እፍኝ ደረቅ ጭድ አንድዱበት፤ ሲሞቅ ይስባል። ቤቱ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋም አይስብም፤ በበሩ ሥር የአየር መግቢያ ተዉለት።

ስበቱ ከመጠን ካለፈ ደግሞ ሙቀቱን ከምጣዱ ሥር ይዞት ይሄዳል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ማገዶም ይፈጃል። በቧንቧው አንገት ላይ የሚገባና የሚወጣ የቆርቆሮ ቁራጭ አድርጉ። እሳቱ ሲይዝ ገፋ አድርጉት። ሙሉ በሙሉ ግን አትዝጉት።

ስለ ከሰል አንድ ነገር ልጨምር። ቧንቧው ምድጃው ላይ ያለውን ጭስ ብቻ ነው የሚስበው። በተዘጋ ክፍል የተቀመጠ የከሰል ማንደጃ የማይታይና የማይሸት መርዝ ያወጣል። ከሰል ባይጨስም ይገድላል። ማንደጃውን ሳታጠፉ ወይም ውጭ ሳታወጡ አትተኙ።

ጥቀርሻው በወር አንድ ጊዜ ይጠረግ። እሳቱ ጠፍቶ ቧንቧው ሲበርድ፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ አስራችሁ ከላይ እስከ ታች አስገቡ። ብዙ ጥቀርሻ ከተከማቸ ቧንቧው ውስጥ እሳት ይነሣል። የወደቀውን ከሥር ጥረጉት፤ አመዱንም ከምድጃው አውጡ።