ራሱ የዘመመ በግና ፍየል፤ ከቢላዋ በፊትና ከቢላዋ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ

በሐርጌሳ ከተማ ፍየል የገጠር ሀብት ብቻ አይደለችም። ማለዳ ከግቢ ወጥታ በየመንገዱ ዳር ቅጠልና የካርቶን ቁራጭ ስትለቅም ትውላለች፤ ሲመሽም ማንም ሳይነዳት ወደ ባለቤቷ በር ትመለሳለች። ወተቷ ለልጆችና ለሻይ ይሆናል፤ በችግር ቀን ደግሞ ወደ ከብት ገበያ ተወስዳ ለመድኃኒት ወይም ለትምህርት ቤት የሚከፈለውን ታስገኛለች። ስለዚህ አንዲት ፍየል ወይም አንድ በግ ራሱን ወደ ጎን አዝሞ፣ ሚዛኑን ስቶ፣ በአንድ ስፍራ ሲዞር የታየ እንደ ሆነ በቤተ ሰቡ ላይ የሚወድቀው ሐሳብ ቀላል አይደለም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለከብቱ ሳይሞትብኝ ብሎ ፈጥኖ ቢላዋ ያነሣል፤ ወይም ነገሩን ለማያውቅ ገዥ አሳልፎ ይሸጠዋል። የታረደ እንደ ሆነም ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ችኩሉ ዕርድ ብዙ ጊዜ የማያስፈልግ መሆኑን፣ ጭንቅላቱን ለውሻ መጣል ግን ሁልጊዜ ጎጂ መሆኑን ለአንባቢዎች ማስረዳት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ራስ መዝመም የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን የብዙ በሽታዎች ምልክት መሆኑን ማወቅ ይገባል። በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ የያዙ እጅግ ጥቃቅን ቧንቧዎች አሉ። እንስሳው ራሱን ባዞረ ቁጥር ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፤ ነርቭም ይህን ለአንጎል ያስታውቃል፤ አንጎልም እግሮችንና ዓይኖችን በዚያው መጠን ያስተካክላል። ጆሮው፣ ነርቩ ወይም አንጎሉ በአንድ ወገን ሲጎዳ የሁለቱ ወገኖች ወሬ አይስማማም፤ እንስሳው ቀጥ ብሎ የቆመ እየመሰለው ራሱ ይዘማል፣ አካሄዱም ይንገዳገዳል። በበግና በፍየል ዘንድ ይህን ከሚያመጡት ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው የጆሮ ሕመም ነው። መዥገር ወይም የጆሮ እከክ ጆሮውን ሲያቆስል፣ ወይም ቁስሉ መግል ሲቋጥርና ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ራስ ወደ ታመመው ወገን ይዘማል። እንዲህ ያለው እንስሳ ብዙውን ጊዜ ንቁ ነው፤ ይበላል፣ ሰው ሲቀርበው ያውቃል። ጆሮውን በእግሩ ያካል፣ ራሱን ያራግፋል፤ ጆሮውም ይሸታል ወይም ፈሳሽ ይወጣዋል። ከሦስቱም ለመዳን የሚቀለው ይህ ነው፤ መዥገሩ ተነቅሎ፣ ጆሮው ተጠርጎ፣ ሐኪም የመረጠው መድኃኒት በጊዜው ከተሰጠ ብዙዎቹ ይድናሉ። ነገር ግን ጋዝ፣ ናፍጣ ወይም የባትሪ ውሃ በጆሮ ውስጥ ማፍሰስ የጆሮውን ታምቡር ያበላሻል እንጂ አያድንም።

ሁለተኛው ሊስቴሪያ በተባለው ተህዋስ የሚመጣው የአንጎል ሕመም ነው። ይህ ተህዋስ በአፈርና በተበላሸ መኖ ውስጥ ይኖራል። ከገብሌይና ከቶጎ ውጫሌ ሜዳ የሚመጣ የማሽላ አገዳ ወይም የታጨደ ሣር በጉ ዝናም ወራት ሳይደርቅ ሲከመርና ሲሻግት፣ ወይም መኖ በጉድጓድ ተቀብሮ ሳይብላላ ሲበሰብስ ለእንስሳት አደጋ ይሆናል። ሕመሙ ድንገተኛ ነው። ትኩሳት ይነሣል፤ በአንድ ወገን ጆሮው ይወድቃል፣ የዓይኑ ቆብ ይረግባል፣ ከንፈሩም ይንጠለጠላል፤ ልሃጩ ይዝረበረባል፣ የበላው ሣር በጉንጩ ይቀራል። በበግና በፍየል ሞት በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚደርስ ሐኪም የሚጠራው በዚያው ቀን ነው። ፔኒሲሊን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን በበቂ መጠን ገና ሕመሙ ሲጀምር ከተሰጠ ተስፋ አለ፤ እንስሳው ወድቆ መነሣት ካቃተው በኋላ ግን ተስፋው ጥቂት ነው። ይህ ተህዋስ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ነፍሰ ጡርንም ሊያስወርዳት ይችላል። ስለዚህ ወተቱ ሳይፈላ አይጠጣም፤ ነፍሰ ጡር ሴትም የታመመውን እንስሳ ወይም የጨነገፈውን ግልገል መንካት አይገባትም።

ሦስተኛው በኢትዮጵያ ደጋ አገር በግ አርቢው አዙሪት ብሎ የሚጠራው ነው። የዚህ ሕመም ምንጭ በውሻ አንጀት የሚኖር፣ ከሰው ኮሶ ጋር የሚዛመድ ቴኒያ መልቲሴፕስ የተባለ ትል ነው። ውሻው በሚጸዳዳበት ጊዜ የትሉ እንቁላል በሣሩ ላይ ይበተናል፤ በጉ ወይም ፍየሏ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች። ከእንቁላሉ የተፈለፈለው ደቂቅ በደም ሥር ተጉዞ አንጎል ይደርስና ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ በወራት ውስጥ አድጎ የዶሮ እንቁላል ሊያህል ይችላል። በዚህ ሕመም ይበልጥ የሚያዙት ከ6 እስከ 18 ወር ዕድሜ ያላቸው ወጣቶች ናቸው። ትኩሳት የለም፤ ሕመሙም ቀስ በቀስ ይበረታል። በጉ ከመንጋው ይለያል፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል፣ አንድ ዓይኑ ይታወራል፤ አንዳንድ ጊዜም ከከረጢቱ በላይ ያለው የራስ ቅል አጥንት ሳስቶ በጣት ሲጫን ይረግባል።

በጋለ ብረት ራስን መተኮስ ከረጢቱ ዘንድ አይደርስም፤ በሕመም ላይ ሕመም መጨመር ነው። ልምድ ያለው የእንስሳት ሐኪም ግን ስፍራውን ለይቶ፣ እንስሳውን አደንዝዞ፣ አጥንቱን በትንሹ ከፍቶ ከረጢቱን ሊያወጣ ይችላል፤ ከረጢቱ ወደ አንጎሉ ላይኛ ወገን ሲሆን ከዚህ ሥራ በኋላ የሚድኑት ብዙዎች ናቸው። ዋጋው ከእንስሳው ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ ማረድ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ከረጢቱ የሚገኘው በአንጎል ስለ ሆነ ሥጋው በመርማሪ ታይቶ ሊበላ ይችላል።

እነዚህን ሦስቱን ለመለየት ባለከብቱ አራት ነገሮችን ያስተውል፦ ሕመሙ ድንገት ወይስ ቀስ ብሎ እንደ መጣ፣ ትኩሳት እንዳለ፣ ፊቱ በአንድ ወገን እንደ ወደቀ፣ ጆሮው እንደሚሸትና እንደሚፈስ። ይህን በቃል ይዞ ለሐኪም የሚናገር ሰው የምርመራውን እኩሌታ ፈጽሟል። ነገር ግን ልሃጩ የሚዝረበረብና ጠባዩ የተለወጠ እንስሳ በእብድ ውሻ በሽታ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ማንም ባዶ እጁን ወደ አፉ አያግባ።

ሐኪም እስኪመጣና መድኃኒቱ እስኪሠራ ድረስ እንስሳውን በሕይወት የሚያቆየው የባለቤቱ እንክብካቤ ነው። ከመንጋው ተለይቶ በጥላ ሥር፣ ከጉድጓድና ከሹል ነገር ርቆ፣ ጭድ በወፍራሙ በተነጠፈበት ስፍራ ይቀመጥ። በጎኑ ተዘርግቶ እንዲተኛ አይተውም፤ ሆዱ ይነፋልና። በደረቱ አስተኝቶ በግራና በቀኝ በጭድ እስር ወይም አሸዋ በሞላ ጆንያ መደገፍ፣ በየጥቂት ሰዓቱም ጎኑን መለወጥ ያስፈልጋል። ራሱ ስለ ዘመመ መሬት ላይ ያለውን መኖ አያገኝም፤ ለምለም ቅጠልና ውሃ እስከ አፉ ከፍ ተደርጎ ይቅረብለት። መዋጥ የማይችለውን እንስሳ በጠርሙስ በግድ ማጠጣት ውሃውን ወደ ሳንባ ይሰዳል፤ ይህም ከሕመሙ ይልቅ ቶሎ ይገድለዋል። ወደ መሬት የዞረው ዓይን አቧራ ስለሚገባበትና ቆቡ ስለማይከደን ተፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ በቀን ደጋግሞ ይታጠብ። መድኃኒት በወሰደ እንስሳ ወተት ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳይሞላ ማንም አይጠቀም።

በቤቱ ጥንቸል የሚያኖር የከተማ አንባቢም ይህን ምልክት ያገኘዋል። የጥንቸል ራስ የሚዘመው በብዛት ከውስጥ ጆሮ ቁስል ወይም ኤንሴፋሊቶዙን ኩኒኩሊ ከተባለ፣ አንጎልንና ኩላሊትን ከሚጎዳ እጅግ ረቂቅ ተህዋስ የተነሣ ነው። ለኋለኛው ሐኪሞች ፌንቤንዳዞል የተባለውን መድኃኒት በየቀኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 20 ሚሊግራም አድርገው ለ28 ቀናት ያዝዛሉ። ለበግ በመርፌ የሚሰጠውን ፔኒሲሊን ወይም የሰውን አሞክሲሲሊን ለጥንቸል በአፍ መስጠት ግን የአንጀቷን ጠቃሚ ተህዋስያን አጥፍቶ ይገድላታል። ጥንቸል ለግማሽ ቀን እንኳ ሳትበላ ከዋለች አንጀቷ ይቆማል፤ ስለዚህ ሣርና ቅጠል ከአፏ አጠገብ ይደረግላት፤ ካልበላችም የላመ መኖ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጯ በኩል በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣት። እየተንከባለለች እንዳትጎዳ በተጠቀለለ ፎጣ በተከበበ ትንሽ ሣጥን ትቀመጥ፤ በድንገትም አትነሣ። መዳኗ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ራሷ ጥቂት ዘሞ ቢቀርም ብዙዎቹ ለምደውት እየበሉና እየዘለሉ ይኖራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በአንድ የአዙሪት ከረጢት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ የትል ራሶች አሉ፤ ከነዚህም እያንዳንዱ በውሻ አንጀት ገብቶ ራሱን የቻለ ትል ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የታመመውን በግ አርዶ ጭንቅላቱን ለውሻ የሚጥል ሰው ስለ አንድ በግ ያዘነበትን ነገር በሚመጣው ዓመት ለጎረቤቶቹ መንጋ ይዘራል። ውሻው አንጎሉን ከበላ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉን መበተን ይጀምራል፤ እንቁላሉም በሣር ላይ ወራት ይቆያል። ቀበሮም እንደ ውሻው ይህን ትል ይሸከማል፤ ስለዚህ ከከተማ ውጭ አርቆ መጣልም መፍትሔ አይሆንም። እንቁላሉ ወደ ሰው አፍ የገባ እንደ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ በሰው አንጎል ከረጢት ሊያበቅል ይችላል፤ ውሻ በሚውልበት ስፍራ የሚጫወት ሕፃን ሁሉ ሳይበላ እጁን ይታጠብ።

መከላከያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የታመመ እንስሳ ጭንቅላት ሳይከፈት ይቃጠል፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ተቀብሮ ድንጋይ ይጫንበት። በዕርድ ቦታዎች አጠገብ አጥር ይደረግ፤ ተረፈ ዕርዱም በሜዳ አይጣል። መንጋ ለሚጠብቁ ውሾች ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም እየታሰበ በየ6 ሳምንቱ ይሰጥ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ኵስም ተለቅሞ ይቀበር።

ይህ ጉዳይ የአንድ ግቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጅጅጋና ከደገሐቡር ወገን የሚነሣው ራሱ ጥቁር የሆነ በግ በቶጎ ውጫሌ አልፎ ወደ ሐርጌሳ ገበያ፣ ከዚያም ወደ በርበራ ወደብ ይነዳል፤ ዋነኛው ገዥም በሐጅ ወራት ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓመት፣ እንደገናም ከ2000 እስከ 2009 ድረስ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት ሳዑዲ ዓረቢያ ግዥውን በከለከለች ጊዜ የገዥ እምነት ከጠፋ በኋላ ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚወስድ አርቢውም ነጋዴውም ተምረዋል። አዙሪት እንደዚያ ትኩሳት የሚዛመት አይደለም። ነገር ግን ሕመሙ በግልጽ የሚታይ እንስሳ ለዒድ አል አድሐ መሥዋዕት አይበቃም፤ ራሱ የዘመመውን በግ በመንጋ መካከል ሸሽጎ የሚሸጥ ነጋዴ የሚያጎድፈው የራሱን ስም ብቻ ሳይሆን የገበያውን ሁሉ ስም ነው።

የባለሥልጣኖች ድርሻም አለ። በ2002 በሼክ ከተማ የተመሠረተው የኢጋድ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ለአካባቢው አገሮች ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ እነዚህ ባለሙያዎች በየገበያውና በየዕርድ ቦታው ቢመደቡ ባለከብቱ ሐኪም ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ከተሞችም ለተረፈ ዕርድ ጉድጓድ ቢያስቆፍሩ፣ የባዘኑ ውሾችንም በሥርዓት ቢቈጣጠሩ ከብዙ መርፌ ይልቅ የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።

ስለዚህ ባለከብት ሁሉ በግቢው ራሱ የዘመመ እንስሳ ያየ እንደ ሆነ አስቀድሞ ጆሮውን ይመልከት፣ ትኩሳቱን ይዳስስ፣ ፊቱን ያስተውል፤ ከዚያም ሐኪም ይጥራ። ማረድ ግድ ከሆነበትም ጭንቅላቱን ይቅበር። ይህን ለማድረግ አንድ አካፋና የአንድ ሰዓት ድካም ይበቃል።