ከዶክተርነት በኋላ ስላለው ወንበር

በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ በሳሊተ ምሕረት ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት በቀደም ዕለት አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። ልጃቸው በፊዚክስ ትምህርት የዶክተርነትን ማዕርግ ከተቀበለ በኋላ፣ አሁን ደግሞ ለሁለት ዓመት ምርምር ወደ ባሕር ማዶ ተጠርቶ ጓዙን ይሰበስባል። «ዶክተር ሆነ ከተባለ ወዲያ ምን ቀረው? ሥራውም በኮምፒዩተር ፊት መቀመጥ ነው፤ ኮምፒዩተር እንደ ሆነ እዚህም አለ» አሉ። ጥያቄው የብዙ ወላጆች ስለ ሆነ መልሱን በዚህ ገጽ ልንገልጠው ወደድን።

የዛሬ ሊቃውንት የፍጥረትን መሠረት የሚመረምሩት በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በመሣሪያ መፈተን ነው፤ በስዊስና በፈረንሳይ ወሰን ከምድር በታች የተሠራው፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነው የሰርን መሣሪያ ለዚህ ምስክር ነው። ሁለተኛው በብዕርና በወረቀት መቀመር ነው። ሦስተኛው ግን ሕጉ ታውቆ ሳለ ስሌቱ ከሰው አቅም በላይ ሲሆን ለኮምፒዩተር የሚሰጠው ነው።

ለምሳሌ በአቶም እምብርት ያለው ፕሮቶን ኳርክ ከሚባሉ ረቂቃን ነገሮች የተሠራ ነው፤ ነገር ግን የሦስቱ ኳርኮች ክብደት ቢደመር ከፕሮቶኑ ክብደት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ይሆናል። የቀረው የሚመጣው ኳርኮቹን ከሚያስተሳስረው ኃይልና ከእንቅስቃሴያቸው ነው። ይህን በቁጥር ማስረዳት ግን ሕጉ ከታወቀ በኋላም ሳይቻል ቆየ። ኬኔት ዊልሰን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974፣ ቦታንና ጊዜን እንደ መረብ ዓይን ከፋፍሎ መቀመር እንደሚቻል አሳየ። ስሌቱ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፣ የአውሮፓ ሊቃውንት የፕሮቶንን ክብደት በዚህ መንገድ አጥጋቢ አድርገው አስልተው ያሳተሙት ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ2008 ነው።

ባሕረ ሐሳብ ለተማረ ሰው ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አይሆንበትም። የ2018 ዓ.ም. ወንበር 12 ነው፤ በ11 ሲባዛ 132 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ አበቅቴውም እርሱ ነው። ይሁን እንጂ «ሁሉም በመጻሕፍታችን አለ» የሚሉት ሰዎች ራሳቸውን ያታልላሉ፤ ያንዱ ስሌት በጣት ሲፈጸም የሌላው እልፍ ኮምፒዩተር ያደክማልና። ከአብነት ትምህርት ቤት የምንወስደው ምሳሌ ሌላ ነው። ቅኔ ተምሮ የተመረቀ ሰው ወዲያው ወንበር አይዘረጋም፤ ወደ ሌላ መምህር ተሻግሮ ያስፋፋል፤ ለጀማሪዎችም እያስረዳ ይቆያል። «ድኅረ ዶክትሬት» የተባለው ዘመንም እንዲሁ ነው፤ ወጣቱ የመምህሩን ጥያቄ ትቶ የራሱን ጥያቄ የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህ ጥበብ በሀገራችን አባት የለውም አይባልም። ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው ሳሉ ለእስረኛ ባልንጀሮቻቸው ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ከተፈቱ በኋላ በህንድ አገር በባንጋሎር ከተማ ዶክተርነታቸውን ተቀብለው ተመለሱ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በሙቀት የሚናወጡ ረቂቃን ነገሮች እንዴት ሥራ እንደሚሠሩ ከተማሪዎቻቸው ጋር መረመሩ። የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር ለሰው ልጅ መብትና ለትምህርት ስላደረጉት ተጋድሎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የሳኻሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል።

ዳሩ ግን ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ዶክተሮች ማዕርጋቸውን እንደ ተቀበሉ የማስተማር ሸክም ይጫናቸዋል፤ ለምርምር ብቻ ደመወዝ ተቆርጦለት ሁለትና ሦስት ዓመት የሚቀመጡበት ወንበር በእኛ ዘንድ እምብዛም የተለመደ አይደለም። ፓኪስታናዊው አብዱስ ሳላም በላሆር ብቻቸውን ሆነው ከሊቃውንት ጉባኤ ርቀው ስለ ተቸገሩ በ1954 አገራቸውን ለቀው ሄዱ። በ1964 በኢጣልያ፣ በትሪየስቴ ከተማ የምርምር ማእከል ያቆሙት የድኻ አገር ሊቅ በየጊዜው እየመጣ ሠርቶ ወደ ወገኑ እንዲመለስ ብለው ነው።

የሳሊተ ምሕረቷ እናት የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። 27 ኪሎ ሜትር መቆፈር አንችልም። ለስሌት የሚሆነው የኮምፒዩተር ጽሑፍ ግን አብዛኛው በነጻ የሚሰጥ ነው፤ የሚያስፈልገው የማይቋረጥ መብራት፣ በሩቅ ካሉት ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ጋር የሚያገናኝ መስመርና ለወጣቱ የሚተውለት ጊዜ ነው። ልጁ በሚቀጥለው ወር ይሄዳል። «ሁለቱን ዓመት ሲጨርስ በአራት ኪሎ የሚጠብቀው ወንበር አለን?» ብለው እናቱ ጨምረው ጠየቁን፤ ይህን ጥያቄ መመለስ የእኛ ሥልጣን ስላልሆነ ለሚመለከታቸው ሹማምንት እናቀርባለን።