የተሰነጠቀው ዋሽንት፦ ምን ዋጋ አለው? እንዴትስ ይጠገናል?

ከስሜን ተራሮች ግርጌ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ቤት ውስጥ፣ አያት ይነፉት የነበረ ዋሽንት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል እንበል። ጎኑ በመሰንጠቁ ቢነፉት ትንፋሽ እንጂ ዜማ አይወጣውም። የልጅ ልጁ ይጣለው፣ በፕላስቲክ ቱቦ ይተካው ወይስ ይጠግነው?

የአየር ዓምድ

ዋሽንት ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት የሆኑ የሸምበቆ ወይም የቀርከሃ ቱቦ ነው፤ በአብዛኛው አራት የጣት ቀዳዳዎች አሉት። ድምፁን በዋናነት የሚወስነው በውስጡ የሚርገበገበው የአየር ዓምድ ርዝመት ነው። ዓምዱ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የዝቅተኛው ድምፅ ድግግሞሽ የድምፅ ፍጥነት ለርዝመቱ እጥፍ፣ ማለትም ለ1 ሜትር፣ ሲካፈል ይገኛል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 343 ሄርዝ፣ በ5 ዲግሪ ደግሞ ወደ 334 ሄርዝ ይሆናል። በብርድ ጧት ዋሽንት የሚወፍረው በዚህ የተነሣ ነው። የደጋው አየር መሳሳት ግን ምክንያት አይደለም፤ የድምፅ ፍጥነት የሚለዋወጠው ከአየሩ ሙቀት እንጂ ከግፊቱ ጋር አይደለምና።

ስንጥቁ ከየት መጣ?

የሸምበቆና የቀርከሃ ጭረቶች በቁመት የተደረደሩ ናቸው። እንደ ዛፍ ግንድ ከመሐል ወደ ጠርዝ የሚሄዱ አግዳሚ ሕዋሳት ስለሌሏቸው በቁመታቸው በቀላሉ ይሰነጠቃሉ። ትንፋሽ ውስጠኛውን ግድግዳ ሲያርሰው ያብጣል፤ በበጋው ደረቅ አየር ወይም በምድጃ አጠገብ የደረቀው ውጫዊው ክፍል ግን አብሮ አይሰፋም። ውጥረቱ ሲበረታ ቱቦው ይተረተራል። ስንጥቁም እንደ ተጨማሪ ቀዳዳ ሆኖ አየር ያፈስሳል።

አጠጋገኑ

ስንጥቁ እስከ የት እንደደረሰ ለማወቅ ቀዳዳዎቹንና የታችኛውን ጫፍ ደፍኖ ከላይ አየሩን መሳብ ነው፤ አየር ከገባ ቱቦው ያፈስሳል። ከዚያም ከፀሐይና ከእሳት አርቆ ቀስ በቀስ ማድረቅ፣ ስንጥቁን በቀጭን ሙጫ መግጠምና በክር አጥብቆ መጠምጠም ይገባል። ከቆዳ የሚሠራ ሙጫ በሙቅ ውኃ ስለሚለቅ፣ ስሕተት ቢፈጠር እንደገና መሥራት ይቻላል፤ ዳሩ ግን ርጥበት ያላላዋል። በውጭ አገር የቆዩ የቀርከሃ ዓሣ ማጥመጃ ዘንጎችን የሚያድሱ ባለሙያዎችም የላላውን የሐር ክር በአዲስ ይተካሉ። የቀርከሃውን ቅርፊት ግን አይፍቁም፤ ጭረቱ ጥቅጥቅ ብሎ የሚገኘው ከቅርፊቱ ሥር ነውና።

ዋጋው የት ላይ ነው?

የአሮጌ ዋሽንት ዋጋ በውበቱ አይለካም። የቀዳዳዎቹ ርቀትና ስፋት ሠሪው ቅኝቱን በጆሮው እንዴት ይሰማው እንደነበረ ያሳያሉ። አንድ ቀዳዳ ቢሰፋ ድምፁ ይቀጥናል፤ የቱቦው ጫፍ ቢቆረጥም እንዲሁ። የተፋቀው ደግሞ ተመልሶ አይተካም። ስለዚህ ጠጋኙ ሙጫውን ከማንሣቱ በፊት ማስመሪያ ያንሣ፤ ርዝመቱን፣ የውስጥ ስፋቱንና የእያንዳንዱን ቀዳዳ ቦታ ይመዝግብ። ጥገናው ባይሳካ እንኳ በዚያ ልክ ሌላ ዋሽንት መሥራት ይቻላል።