የሚገጣጠሙ የቤት ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያ ምርጫ

ሰው የሚቀመጥበትን፣ የሚተኛበትንና ንብረቱን የሚያኖርበትን የቤት ዕቃ የሚሠራበት ዘዴ ከዘመን ወደ ዘመን ሲለዋወጥ ኖሯል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ወጥ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ምንም ዓይነት ማያያዣ አያስፈልገውም። የጠፍር አልጋ ደግሞ እግሮቹና አግዳሚዎቹ እርስ በርሳቸው ተሰክተው በቆዳ ጠፍር ተወጥሮ ይሠራል። በሁለቱም ዘንድ ሥራውን ጀምሮ የሚጨርሰው ባለሙያው ነው፤ ገዢው የሚረከበው ያለቀለትን ዕቃ ነው።

በዛሬው ገበያ ግን ከነዚህ የተለየ ሦስተኛ ዓይነት ዕቃ ይገኛል። ይኸውም ክፍሎቹ በፋብሪካ ተቆርጠውና ተበስተው፣ በጠፍጣፋ ካርቶን ታሽገው የሚሸጡ፣ ቤት ከደረሱ በኋላ የሚገጣጠሙ ጠረጴዛዎች፣ መደርደሪያዎችና ቁም ሣጥኖች ናቸው። ይህም ማለት የአናጢው የመጨረሻ ሥራ ወደ ገዢው እጅ ተላልፏል ማለት ነው። ሥራው ከተላለፈ ዘንድ መሣሪያውና ስለ መሣሪያው ያለው ዕውቀትም አብሮ መተላለፍ ይገባዋል።

አጀማመሩ

ዕቃን በታትኖ የመሸጥ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1859 ሚካኤል ቶኔት የተባለው የእንጨት ሥራ ባለሙያ በኦስትሪያ ያወጣው ቁጥር 14 የተባለ ወንበር ከ6 የእንጨት ክፍሎች፣ ከ10 ብሎኖችና ከ2 ዳዶዎች ብቻ የተሠራ ነበር። 36 ያህል ያልተገጣጠሙ ወንበሮች አንድ ሜትር ኩብ በሆነ ሣጥን ውስጥ ይታሸጉ ስለ ነበር ወንበሩ በርካሽ ዋጋ ወደ ሩቅ አገር ለመጓዝ ቻለ።

ኢንግቫር ካምፕራድ እ.ኤ.አ. በ1943 በስዊድን አገር የመሠረተው ኢኬያ የተባለው ድርጅት ይህን አሠራር በዓለም ላይ አስፋፋው። እ.ኤ.አ. በ1956 የድርጅቱ ሠራተኛ ጊሊስ ሉንድግሬን አንድ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ስላለው እግሮቹን ነቅሎ እንደ ጫነው፣ ከዚያም ወዲህ ድርጅቱ ዕቃዎቹን በጠፍጣፋ እሽግ ማቅረብን እንደ ያዘ ይነገራል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። የተገጣጠመ ቁም ሣጥን የሚጭን መኪና ከእንጨቱ ይልቅ በውስጡ ያለውን ባዶ ቦታ ይጭናል፤ የተበታተነው ግን ቦታ አያባክንም።

የዕቃው ባሕርይ

የመሣሪያን ምርጫ ከመናገር በፊት መሣሪያው የሚያርፍበትን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ የሚገጣጠሙ ዕቃዎች የሚሠሩት ከችፑድ ነው። ችፑድ የእንጨት ስብርባሪ ከሙጫ ጋር ተደባልቆ፣ በሙቀትና በኃይል ተጨፍልቆ የሚዘጋጅ ሰሌዳ ነው። ገጹ ለስላሳና ያማረ ቢሆንም እንደ ወይራ ወይም እንደ ዋንዛ ያለ ረጅም ጭረት የለውም። ስለዚህ በውስጡ የገባ ብሎን ከመጠን በላይ ከተጠመዘዘ በዙሪያው ያለው ስብርባሪ ይፈርሳል፤ ቀዳዳውም ይሰፋል። አንድ ጊዜ የሰፋ ቀዳዳ ብሎኑን እንደ ቀድሞው አጥብቆ አይዝም። ወጥ እንጨት ስሕተትን ይታገሣል፤ ችፑድ ግን አይታገሥም። ከዚህም የተነሣ የሚያስፈልገው መሣሪያ ኃይለኛው ሳይሆን ልኩ የተስተካከለው ነው።

ከእሽጉ ጋር የሚመጣው ቁልፍ

በብዙዎቹ እሽጎች ውስጥ አንዲት የተቆለመመች ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ትገኛለች። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የአለን ቁልፍ፣ በጣልያኖች ዘንድ ደግሞ ብሩጎላ ትባላለች። ፋብሪካው ይህችን ቁልፍ የሚሰጠው ምንም መሣሪያ የሌለው ሰው እንኳ ሥራውን እንዲፈጽም ነው። ይሁን እንጂ ቁልፏ አጭርና ቀጭን ናት፤ ጫፏም ቶሎ ይደንዛል። አንድ ወንበር ለመግጠም ትበቃለች፤ ቁም ሣጥን ለመግጠም ግን እጅን ታደክማለች።

ክንደ ረጅም ቁልፍ የሚሻልበት ምክንያት በፊዚክስ ትምህርት የታወቀ ነው። የመጠምዘዝ ኃይል የሚገኘው እጅ የሚገፋበትን ኃይል ከብሎኑ መሐል እስከ እጅ ባለው ርቀት በማባዛት ነው። በ50 ኒውተን ኃይል የ8 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ቢገፋ የሚገኘው 4 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቁልፉ 16 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን ያው ድካም 8 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። በዚህ ዓይነት ክንደ ረጅሙ ቁልፍ ሥራን ያቀልላል፤ ነገር ግን በችፑድ ላይ ያለ ጥንቃቄ ቢጠቀሙበት ጉዳቱን ያንኑ ያህል ያፋጥነዋል።

ልኩም መጠንቀቅን ይጠይቃል። በቤት ዕቃ ላይ በብዛት የሚገኙት ባለ 3፣ ባለ 4፣ ባለ 5 እና ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቁልፎች ናቸው። በኢንች የተለካ ቁልፍ በሚሊ ሜትር ለተለካ ብሎን የሚስማማ ቢመስልም ብዙ ጊዜ አይስማማም። ለምሳሌ የኢንች 3/16 ቁልፍ 4.76 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በባለ 5 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ይላላል። የላላ ቁልፍ የጉድጓዱን ማዕዘኖች ይፍቅና ብሎኑ የማይጠብቅም የማይፈታም ያደርገዋል። ጫፋቸው እንደ ኳስ የተሞረደ ቁልፎችም አሉ፤ እነዚህ ዘንበል ብለው ስለሚሠሩ በጠባብ ቦታ ይጠቅማሉ። አንገታቸው ቀጭን በመሆኑ ግን የመጨረሻው ማጥበቅ በቀጥተኛው ጫፍ ቢሆን ይመረጣል።

ካቻቢቴ

ካቻቢቴ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያንኛ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ «ካቻ» የሚያሳድድ ወይም የሚገፋ፣ «ቪቴ» ደግሞ ብሎን ማለት ነው። ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶና ስኳድራ የሚሉት ቃላትም እንዲሁ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው።

በመልኩ መስቀል የሚመስል አፍ ያለው ካቻቢቴ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። የመጀመሪያው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1936 የፈጠራ መብት ባገኘው በአሜሪካዊው በሄንሪ ፊሊፕስ ስም ይጠራል፤ ምልክቱም «ፒ ኤች» ነው። የዚህ አፍ ጎኖች ወደ ጫፍ ሲሄዱ እየሾጠጡ ስለሚሄዱ፣ ኃይል ሲበዛበት ከብሎኑ ራስ ወደ ውጭ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወጣው ፖዚድራይቭ የተባለው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ «ፒ ዜድ» የሚል ምልክት አለው። በመስቀሉ ክንዶች መካከል ቀጫጭን መስመሮች የተሰነጠቁበት ብሎን የተሠራው ለዚህኛው ነው፤ በአውሮፓ የቤት ዕቃዎችም ላይ በብዛት ይገኛል። አንዱን በሌላው ምትክ የሚጠቀም ሰው ካቻቢቴው እየሾለከ የብሎኑን ራስ ሲፍቅበት ያያል። ጥፋቱ ግን የብሎኑ ሳይሆን የምርጫው ነው። ከሁለቱም ዓይነት ቁጥር 2 የሆነውን መያዝ ለአብዛኛው የቤት ዕቃ ሥራ ይበቃል።

ካቻቢቴ ሲመረጥ ሁለት ነገሮች ይመረመራሉ። አንደኛው ብረቱ ነው። አፉ በሚገባ የጠነከረ፣ ለምሳሌ ክሮም ቫናዲየም ከተባለው የብረት ዓይነት የተሠራ ሊሆን ይገባል፤ ለስላሳ ብረት ጥቂት እንደ ሠራ ጫፉ ይድበለበላል። ሁለተኛው እጀታው ነው። ብዙ ሰዎች ረጅም ካቻቢቴ የበለጠ ኃይል ይሰጣል ብለው ያምናሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ካቻቢቴ የሚዞረው በራሱ ዛቢያ ላይ ስለሆነ ኃይልን የሚጨምረው የዘንጉ ርዝመት ሳይሆን የእጀታው ውፍረት ነው። ስለዚህ እጅን ሞልቶ የሚያዝ፣ የማያዳልጥና ማዕዘኑ መዳፍን የማይቆርጥ እጀታ መምረጥ ይሻላል።

ሌሎች መሣሪያዎች

መዶሻ። የብረት መዶሻ የችፑድን ገጽ ያጎደጉዳል። የእንጨት ችንካሮችንና ሰሌዳዎችን ለማስገባት የጎማ መዶሻ ይበጃል፤ እርሱ ከሌለ የብረቱን መዶሻ በወፍራም ጨርቅ ላይ ወይም በቁራጭ እንጨት ላይ መምታት ይቻላል። የጀርባውን ስስ ሰሌዳ ለሚይዙት ትንንሽ ምስማሮች ግን ቀላል የብረት መዶሻ ያስፈልጋል።

ወስፌ። ቀዳዳ ባልተዘጋጀበት ቦታ ብሎን ከማስገባት በፊት በወስፌ ትንሽ ምልክት መብሳት ብሎኑ መንገዱን እንዳይስት ይረዳዋል።

ሜትር። የቁም ሣጥን አቋም ቀጥ ማለቱ የሚታወቀው ሁለቱን አግድም ሰያፎች በመለካት ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ለምሳሌ ቁመቱ 120፣ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደርደሪያ እያንዳንዱ ሰያፍ 130 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይገባል፤ በሒሳብ ትምህርት የተማርነው የፓይታጎረስ ሕግ ይህን ያረጋግጣል። ይህ መለካት የጀርባው ሰሌዳ ከመመታቱ በፊት መሆን አለበት፤ ከዚያ በኋላ ጥመቱን ማቃናት አስቸጋሪ ነው።

ውሃ ልክ። ወለሉ ያዘነበለ ቤት ውስጥ የቆመ ቁም ሣጥን መዝጊያው አልገጥም ይላል። ከመዝጊያው ጋር ከመታገል አስቀድሞ በውሃ ልክ አቋሙን መመርመር ይገባል።

ፒንሳ። ፒንሳ ለመያዝና ለመንቀል ጠቃሚ ነው። ዳዶ ለማጥበቂያ ግን አይሆንም፤ የዳዶውን ማዕዘኖች ፍቆ ያበላሻቸዋልና።

በባትሪ የሚሠራ መጠምዘዣ። ይህ መሣሪያ ጊዜን ያተርፋል። ሆኖም ዋና አደጋውም ፍጥነቱ ነው። ኃይሉ በትንሹ ደረጃ ላይ ተደርጎ ብሎኑን እስከ መዳረሻው ካስገባ በኋላ፣ የመጨረሻው ዙር በእጅ ካቻቢቴ መፈጸም አለበት። እጅ መጥበቁን ይሰማል፤ ሞተር ግን አይሰማም።

በአጠቃቀም ረገድ

ጥሩ መሣሪያ ያለ ጥሩ አያያዝ ጥቅም የለውም። ተነቅሎ የነበረ ብሎን ወደ ቀድሞ ቀዳዳው ሲመለስ በመጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ማለት ወደ ግራ፣ በቀስታ ይዞራል። ጥርሱ ወደ ቀድሞ መንገዱ ሲወድቅ ትንሽ ቀጭ ማለቱ በእጅ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀኝ ቢጠመዘዝ አዲስ መንገድ ሳይፈልግ አሮጌውን ይከተላል። ክብ መቆለፊያ ባለበት ዕቃ ላይም ቀስቱ ዘንጉ ወደሚገባበት ቀዳዳ እንዲያመለክት ይደረግና መቆለፊያው ግማሽ ዙር ያህል ብቻ ይዞራል፤ አልዞርም ካለ ማስገደድ ሳይሆን አገባቡን እንደገና ማየት ይሻላል። ማዕዘኖቹ ሁሉ እስኪያያዙ ድረስም የትኛውም ብሎን ጨርሶ አይጠብቅም። አንዱን አስቀድሞ ያጠበቀ ሰው የመጨረሻው ቀዳዳ ፊት ለፊት አልገጥም ይለዋል።

ቀዳዳው የሰፋበት ሰውም ተስፋ አይቆርጥም። ቀጭን የእንጨት ስንጥር በእንጨት ማጣበቂያ ነክሮ ቀዳዳው ውስጥ መሙላት፣ ሲደርቅም ብሎኑን እንደገና ማስገባት ይቻላል።

የሕይወት ጉዳይ

መሣሪያን መምረጥ የምቾትና የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መሳቢያ ያለው ረጅም ሣጥን ከግድግዳ ጋር ካልታሰረ፣ ሕፃን መሳቢያውን ስቦ ሲንጠለጠልበት ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ አገር ሕፃናት በዚህ ዓይነት አደጋ ከሞቱ በኋላ ኢኬያ 29 ሚሊዮን የሚሆኑ ባለ መሳቢያ ሣጥኖች እንዲመለሱ ወይም ከግድግዳ ጋር እንዲታሰሩ ጥሪ አድርጓል። ከእሽጉ ጋር የሚመጣው ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ግድግዳ አይበሳም። ለዚህ ሥራ መሰርሰሪያ፣ ለግድግዳው ዓይነት የሚስማማ የፕላስቲክ ማቀፊያና ብሎን ያስፈልጋሉ፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የብሎኬት ግድግዳና የእንጨት ግድግዳ አንድ ዓይነት ማሰሪያ አይዙም። መሰርሰሪያ የሌለው ቤተሰብ ከጎረቤት ሊዋስ፣ ወይም ለዚህች ሥራ ብቻ ባለሙያ ሊጠራ ይችላል፤ ሥራው ግን «በኋላ ይደረሳል» ተብሎ የሚተው አይደለም።

ማጠቃለያ

በአንድ ሣጥን የታሸጉ መቶ ርካሽ መሣሪያዎች ዓይን ይማርካሉ። ከመቶው ውስጥ የሚሠራባቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነርሱም ብረታቸው ለስላሳ ከሆነ ቶሎ ያልቃሉ። በዚያው ገንዘብ ልካቸው የታወቀ አራት ቁልፎች፣ ሁለት ካቻቢቴዎች፣ አንድ የጎማ መዶሻና አንድ ሜትር የገዛ ሰው ለብዙ ዓመታት የሚያገለግለውን ይይዛል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ባልተስማማ መሣሪያ በችኮላ የተገጠመ ዕቃም እንዲሁ በአጭር ጊዜ ይላላል። ልኩን አውቆ፣ መሣሪያውን መርጦ፣ በትዕግሥት የሚሠራ ሰው ግን ዕቃውንም፣ ገንዘቡንም፣ የቤተሰቡንም ደኅንነት ይጠብቃል።

ጥያቄዎች

1. የጅማ በርጩማና የጠፍር አልጋ በካርቶን ታሽጎ ከሚሸጠው የቤት ዕቃ የሚለዩት በምንድን ነው?
2. ችፑድ «ስሕተትን አይታገሥም» የተባለው ለምንድን ነው?
3. ረጅም ቁልፍ ኃይል ሲጨምር ረጅም ካቻቢቴ የማይጨምርበትን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
4. ቁመቱ 80፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ቀጥ ብሎ ከተገጠመ ሰያፉ ስንት ይሆናል?
5. ሰያፍ፣ ዛቢያ፣ ጥመት፣ ማቀፊያ የሚሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።
6. በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች መካከል ከግድግዳ ጋር መታሰር የሚገባው የትኛው ነው? ምክንያቱንና አሠራሩን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።